የሞተር ሙቀት አጠባበቅ፤ የውኃውና የዘይቱ ድርሻ

ስለ መኪና ሞተር ሲነገር ሙቀት ብዙ ጊዜ እንደ ጠላት ይቆጠራል። ነገር ግን ሞተር የሚሠራው በሙቀት ነው። ከቤንዚኑ መቃጠል ከሚገኘው ኃይል በግምት ሲሶው ብቻ ወደ ሥራ ይለወጣል፤ ሌላው ሲሶ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የቀረው ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳና በቴስታታው በኩል አልፎ መወገድ አለበት። ለፍጥነት በተሠራ መኪና ላይ ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ስለሚቆይ ይህ ሙቀት እጅግ ይበዛል። ሙቀቱን በሚገባው ወሰን ውስጥ የሚጠብቁት ሁለት ፈሳሾች ናቸው፤ እነርሱም ውኃና ዘይት ናቸው። ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ የአንዱን ሙቀት ማወቅ የሌላውን እንደ ማወቅ አይቆጠርም።

ሀ. የውኃው ሥራ

1 ኪሎ ግራም ውኃ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ከፍ እንዲል 4.2 ኪሎ ጁል ያስፈልገዋል፤ ለዘይት ግን 2 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ብዙ ሙቀት ተሸክሞ ለመሄድ ውኃ ይመረጣል። ለምሳሌ አንድ ሞተር በየሴኮንዱ 100 ኪሎ ጁል ለራዲያተሩ ቢሰጥና ውኃው በራዲያተሩ ውስጥ ሲያልፍ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ፓምፑ በየሴኮንዱ 2.4 ኪሎ ግራም ያህል ውኃ ማዞር አለበት። በውኃው ፋንታ ዘይት ቢሆን ኖሮ 5 ኪሎ ግራም ባስፈለገ ነበር።

ሞተሩ ገና ሲነሣ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል፤ ውኃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፍተዋል። «ይሞቅብኛል» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ሞተሩ ዘወትር ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲሠራ፣ ቤንዚን እንዲያባክንና ቶሎ እንዲበላ ያደርገዋል።

ለ. የራዲያተሩ ክዳን

ግፊት ሲጨምር የውኃ ነጥበ ፍሌት ከፍ ይላል። ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ 1 ባር የሚይዝ ቢሆን፣ በባሕር ጠረፍ ንጹሕ ውኃ የሚፈላው በ120 ዲግሪ ገደማ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ ከ1 ባር ሩብ ያህል ስለሚጎድል፣ በዚያው ክዳን ውኃው በ116 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ከተከፈተ ደግሞ ነጥበ ፍሌቱ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሕይወትን የሚመለከት ነው። በ110 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ በክዳኑ ተይዞ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግን በአንድ ጊዜ ፈልቶ በእንፋሎት ተገፍቶ ይወጣል። ፊትና እጅ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክዳኑ መነካት የለበትም።

ሐ. የዘይቱ ሥራ

ዘይት ውኃ ወደማይደርስበት ይገባል። ፒስተኖቹን ከሥር ያቀዘቅዛል፤ በብሮንዚኖቹ መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ብረት ከብረት እንዳይነካ ያደርጋል። በብዙ መኪናዎች የሚጨመረው ዘይት ከ40 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ከ6 እስከ 7 እጥፍ ይቀጥናል። ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ወደ ጠባቦቹ ቦታዎች በዝግታ ይደርሳል፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ደግሞ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ዘይቱም ቶሎ ያረጃል። ለአብዛኞቹ ኃይለኛ ሞተሮች ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ያለው ተስማሚ ነው። ከ130 በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ እንዲያበርደው ያስፈልጋል።

አስተውሉ፤ ዘይት ከውኃው ዘግይቶ ይሞቃል። የውኃው መለኪያ መሐል ላይ ሲደርስ ዘይቱ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ሞተሩን ማስጮህ ብዙዎች ሳያውቁት የሚፈጽሙት ጥፋት ነው።

መ. የፖርሽ ምሳሌ

የጀርመኑ ፖርሽ 911 ከ1964 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ ሞተሩን በውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት ያቀዘቅዝ ነበር። ዘይቱ በተለየ በርሜል ይቀመጥ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓይነቶች መጠኑ ከ10 ሊትር ይበልጥ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም፣ በኃይለኞቹ ዓይነቶች ላይ ዘይቱ በቧንቧ እስከ መኪናው ፊት ሄዶ በማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ይመለስ ነበር። ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድ ግን አየር ብቻውን ቴስታታውን ማቀዝቀዝ አልቻለም። በ1982 በፈረንሳይ አገር የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት የፖርሽ 956 መኪናዎች ሲሊንደሮቻቸው በአየር፣ ቴስታታቸው ግን በውኃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ 911 ራሱ ወደ ውኃ ተዛወረ።

ሠ. ለነጂና ለክፍል

1. ሞተሩ እንደተነሣ በቀስታ ንዱ፤ የዘይት ሙቀት መለኪያ ካለ እርሱን ተመልከቱ።
2. ከፈጣን ጉዞ በኋላ ወዲያው አታጥፉ። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ በተለይ ቱርቦ ባለው ሞተር ዘይቱ ቆሞ እንዳይቃጠል ይረዳል።
3. በመለኪያው ብቻ አትተማመኑ። ውኃው ፈስሶ ካለቀ መለኪያው የሚነካው ፈሳሽ ስለማያገኝ ትክክለኛውን ላያሳይ ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የውኃውንም የዘይቱንም መጠን መመልከት የተሻለ ነው።

መምህራን ለክፍል ቀላል ሙከራ ማሳየት ይችላሉ። እኩል መጠን ያለው የሞተር ዘይት በሁለት ዕቃ ቅዱ፤ አንዱን በክፍሉ ሙቀት ተዉት፤ ሁለተኛውን ዕቃ በሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሙና 60 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ጠብቁ። ከዚያም ሁለቱን በየተራ በአንድ ጠባብ ማንቆርቆሪያ ጉሮሮ አሳልፋችሁ በሰዓት ለኩ። የሁለቱ ጊዜ ልዩነት በብርድ ሞተር ላይ ነዳጅ መርገጥ ለምን እንደሚጎዳ ለተማሪዎቹ ያሳያቸዋል።