«መቼ?» ብሎ ግሥን መጠየቅ

በዚህ የቤተሰብ አምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ ቁጠባ ደጋግመን ተወያይተናል። ዛሬ የምናነሣው ደግሞ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የግሥ ጊዜን እንዴት እንደምንጠብቅ ነው። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ አብዬ እንደተሰማራው ሠራዊታችን ለሰላም ማስከበር የሚዘምት ወታደርም የቅኝት ሪፖርቱን የሚያቀርበው በእንግሊዝኛ ነው።

በቅድሚያ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። በአንድ ግዳጅ ላይ ሳለን ጎርፍ መንገድ ዘጋ። እኛም በማለዳው ሪፖርት «ዘ ሮድ ዋዝ ክሎዝድ» ብለን ጻፍን። ተቀባዩ የውጭ አገር መኮንን «ተዘግቶ ነበር፤ አሁን ተከፍቷል» ብሎ ተረዳው። ውኃና ዱቄት የጫኑ ሦስት መኪናዎች እስከ ወንዙ ድረስ ሄደው ከነጭነታቸው ተመለሱ፤ በሌላ መንገድ ቢላኩ ኖሮ ከመሸ በፊት በደረሱ ነበር። ማዶ ይጠብቅ የነበረው ቡድን ያንን ሌሊት በኮዳው ጭላጭ አደረ። የዋሸ ሰው አልነበረም፤ በ«ዋዝ» ፈንታ «ኢዝ» መግባት ነበረባት።

እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከአማርኛችን ጠባይ ነው። «ወታደሩ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ መሣሪያውን አንግቶ ወጣ» ስንል ጊዜውን የሚናገረው የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው። «ወጣ» የሚለውን «ይወጣል» ብንለው፣ ከፊት ያሉት አራቱ ምንም ሳይለወጡ ታሪኩ በሙሉ የዘወትር ልማድ ይሆናል። አድማጩም እስከ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ መታገሥን ለምዷል። በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ጊዜ ተሸክሞ ይሰለፋል፤ «ጋት አፕ፣ ዎሽድ፣ ኤት፣ ቱክ፣ ዌንት አውት»። ብዙዎቻችን «ጌት አፕ፣ ዎሽ፣ ኢት» ብለን ጀምረን በ«ዌንት አውት» የምንዘጋው፣ የኋለኛው ግሥ የፊተኞቹን ይጎትታል በሚል የአማርኛ እምነት ነው።

«ቁስለኛው ተኝቷል» የሚለውም ያሳስታል። በአማርኛ አሁን እንቅልፍ ላይ ነው ማለት ነው። «ሃዝ ስሌፕት» ብለን ከጻፍን ግን ሐኪሙ ተኝቶ ነቅቷል ብሎ ሊረዳ ይችላል፤ የሚገባው «ኢዝ ስሊፒንግ» ነበር። በየቤታችንም ሚስት «ምሳ ቀርቧል» ስትል ባል ከወንበሩ ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። (ይህ በአማርኛ ይቅር የሚባል ውሸት ነው።) በእንግሊዝኛ «አይ ኬም» ቢል ግን ወጡ እስኪበርድ የሚጠብቀው ሰው አይኖርም።

ጊዜን ወጥ አድርጎ መያዝ ሲባል ግሦችን ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ማልበስ ማለት አይደለም። እኛም «ዋዝ» ብለን የጻፍነው፣ በትምህርት ቤት የተነገረንን «ጊዜ አትቀላቅል» የሚል ትእዛዝ ከልክ በላይ አጥብቀን ስለያዝን ነበር። ወደ ወንዙ የደረስነው ንጋት ላይ ስለሆነ «ሪችድ» ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን ሪፖርቱ ሲጻፍም ዝግ ነበርና «ኢዝ ክሎዝድ» መባል ነበረበት። ከዚያ የቀደመ ድርጊት ሲኖር ደግሞ «ሃድ» ታስፈልጋለች። «ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ሜን ሃድ ሌፍት» ማለት ስንደርስ ሰዎቹ ሄደው ነበር፣ አላገኘናቸውም ማለት ነው። «ሃድ» ከጠፋች ግን ስንደርስ ተነሥተው ሄዱ ይመስላልና አለቃ «ታዲያ ለምን አላስቆማችኋቸውም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

እኛ የምንሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ በእያንዳንዱ ግሥ ሥር በእርሳስ መስመር እናሰምራለን፤ ከዚያም አንዱ ሲያነብ ሌላው በየመስመሩ «መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ማታ ከእራት በኋላ ሊሠሩት ይችላሉ።

ለመለማመጃ እነዚህን ሦስቱን ለየብቻችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸውና አስተያዩ፤ «ትናንት ደብዳቤ ጽፎልኛል»፣ «ነገ እመጣለሁ አለ»፣ «ስደውልላት ልጆቹን አስተኝታ ነበር»። የእኛን መልስ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።