ቍጥር እንጂ ስም የሌላቸው ጀልባዎችና ጸሐፍቶቻቸው

በአውሮፓ አቈጣጠር ሰኔ 6 ቀን 1944፣ በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ማለዳ፣ ሮበርት ሳርጀንት የተባለ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ፎቶግራፍ አንሺ በኖርማንዲ ዳርቻ ፊት ለፊት በአንዲት የእንጨት ጀልባ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ የጀልባዋ የፊት መዝጊያ እንደ ድልድይ ወደ ውሃው በተዘረጋ ጊዜ፣ ጠመንጃቸውን ከማዕበሉ በላይ አንሥተው፣ እስከ ወገባቸው በባሕር ተውጠው፣ ጢስ ወደ ሸፈነው የብስ የሚራመዱትን ወታደሮች ከበስተኋላቸው ሆኖ አነሣቸው። ይህ ፎቶግራፍ ከዚያ ወዲህ በስንት መጽሐፍና በስንት ጋዜጣ እንደ ታተመ ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም። ዳሩ ግን የወታደሮቹን ጀርባ አይቶ ልቡ የተነካ ተመልካች ሁሉ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳዋ በሥዕሉ ዳርና ዳር የሚታየው ጀልባ ማን ትባል እንደ ነበር አይጠይቅም። ቢጠይቅም ስም የላትም። ሳሙኤል ቼዝ ከተባለው ወታደር ጫኝ መርከብ የወረደች መሆኗ ይታወቃል፤ እንደ እርሷ ያሉት ሁሉ የእናት መርከባቸው ቍጥርና የራሳቸው ተራ ቍጥር በጎናቸው ተቀብቶባቸው ይሄዱ ነበር እንጂ ስም ያወጣላቸው አልነበረም።

ዛሬ አንድ ተማሪ ስለ እነዚህ ጀልባዎች ለማወቅ ቢነሣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገኘው ጽሑፍ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ብዙዎቹም በእውነተኛ ስማቸው የማይታወቁ ሰዎች ዊኪፒዲያ በተባለው መዝገበ ዕውቀት ላይ በኅብረት የጻፉት ነው። ስለዚህ በዚህ ሐተታ ጀልባዎቹንና ጸሐፍቶቻቸውን አንድ ላይ ለማስተዋወቅ አስቤአለሁ፤ የአንደኛው ነገር ከሌላው ተነጥሎ ቢነገር ጎደሎ የሚሆን ይመስለኛልና።

በቅድሚያ ስለ ጀልባዋ። ከባሕር ወደ የብስ የሚወጣ ጦር ወደብ ያስፈልገዋል፤ ወደብ ግን ጠላት ከሁሉ አስቀድሞ አጥሮ የሚጠብቀው ስፍራ ነው። ስለዚህ ያለ ወደብና ያለ መሰላል፣ አሸዋው ላይ በሆዷ ወጥታ ቆማ፣ ሰውና መሣሪያ አራግፋ፣ ወዲያው በራሷ ኃይል ወደ ኋላ ተመልሳ ሌላ ጭፍራ የምታመጣ ጀልባ መሥራት ለመሐንዲሶች ግድ ሆነባቸው። ይህችን በአማርኛ የማረፊያ ጀልባ የሚሏት አሉ። እኔ ግን ማረፍ የሚለው ቃል ዕረፍትን ስለሚያስታውስ፣ በእነዚያ ጀልባዎች ውስጥ ለነበሩትም ሰዎች ዕረፍት ስላልነበረ፣ ሥራዋን በቀጥታ የሚናገረውን አውራጅ ጀልባ የሚለውን እመርጣለሁ።

ከአውራጅ ጀልባዎች ሁሉ ዝናዋ የገነነው አንድሩ ሂጊንስ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ያሠራት ናት። ይህ ሰው ከጦርነቱ አስቀድሞ በሉዊዚያና ረግረግ ውስጥ ለሚመላለሱ አዳኞችና ነዳጅ ፈላጊዎች፣ ግንድና ሥር በበዛበት ጥልቀት የለሽ ውሃ የሚሄድ ጀልባ ይሠራ ነበር። አፍንጫዋ እንደ ማንኪያ ሰፋ ያለ፣ ውልብልቢቷም ግንድ እንዳይሰብረው ከሆዷ ሥር በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ የተሸሸገ ነበር። ለረግረግ የታሰበው ይህ ብልሃት ለጦር ሜዳ አሸዋ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ወታደሮቹ የሚወርዱት ጎንና ጎኗን እየዘለሉ ነበርና፣ በጥይት ፊት ይህ እጅግ አደገኛ ነበር። በ1937 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ጃፓን ሻንጋይን ስትወጋ፣ ቪክቶር ክሩላክ የተባለ ወጣት የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር መኰንን፣ የጃፓኖች ጀልባ ፊቷ እንደ በር ተከፍቶ ወታደሮቿን በቀጥታ ወደ ዳርቻው ስታወርድ አይቶ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሐተታውንም ወደ ዋሽንግተን ላከ። ጽሑፉ ግን ከቁም ነገር ሳይቈጠር በመዝገብ ቤት ተቀብሮ ቀረ፤ ከጊዜ በኋላ ፈልጎ ያገኘውም ራሱ ክሩላክ ነበር። በ1941 ሂጊንስ የጀልባዋን ፊት ቈርጦ የብረት ተዘርጊ በር አደረገላት፤ ጦርነቱም እስኪያልቅ ድረስ የምትታወቅበት መልኳ ይህ ሆነ። ርዝመቷ 11 ሜትር፣ ስፋቷ 3 ሜትር ከሩብ ያህል፣ ሞተሯ 225 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ጭነቷ 36 ወታደር፣ ሠራተኞቿ 4 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ጸሐፍቱ እንለፍ። ዊኪፒዲያ በ2001 ጥር 15 ቀን በእንግሊዝኛ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት ነው። የጦር ታሪክ ፍቅር ያላቸው በጎ ፈቃደኞች በውስጡ እንደ ማኅበር ተሰብስበው፣ ጽሑፎችን ከጅምርነት አንሥተው ምርጥ እስከሚባለው ማዕርግ ድረስ በደረጃ ይመዝናሉ። እያንዳንዱ ገጽ ለአንባቢ ከሚታየው አደባባይ በስተኋላ ሁለት ጓዳዎች አሉት። አንደኛው የገጹ ታሪክ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ፋቀ ሳይሰወር ተጽፎ የሚገኝበት ነው። ሁለተኛው የውይይት ገጽ ሲሆን፣ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ቍጥር ያልተስማሙ ሰዎች ማስረጃቸውን ይዘው የሚከራከሩበት ነው። እኔ ከአደባባዩ ይልቅ ጓዳዎቹን ማንበብ እወዳለሁ፤ የተፋቀና የተደለዘ ሁሉ ታሪክ አለውና።

ለምሳሌ ያህል የጀልባዎቹን ብዛት እንመልከት። በመጻሕፍት ላይ ሁለት ቍጥሮች ይገኛሉ፤ አንዱ 20,094፣ ሁለተኛው 23,358። ጀማሪ አራሚ ሁለቱን ባየ ጊዜ አንዱ ስሕተት መስሎት፣ ደግ አደረግሁ ብሎ አንዱን በሌላው ይተካል። ልምድ ያለው ግን ቍጥሩን ከመንካቱ በፊት ምን እንደ ተቈጠረ ይጠይቃል። የመጀመሪያው የሂጊንስ ፋብሪካዎች የሠሯቸው የልዩ ልዩ ዓይነት ጀልባዎች ድምር ነው፤ ሁለተኛው ግን የዚህች የአንዲቱ ዓይነት ብቻ፣ በሂጊንስም ሆነ ፈቃድ በተሰጣቸው ሌሎች ፋብሪካዎች የተሠሩት ጀልባዎች ብዛት ነው። ሁለቱም እውነት ሆነው ሳለ፣ ሥራና ንድፍ፣ ፋብሪካና ዓይነት ሳይለዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ ሐሰት ይሆናሉ። ይህን የመሰለውን ለይቶ ለማስቀመጥ አንዳንድ ጊዜ የሳምንት ሥራ ያስፈልጋል፤ በገጹ ላይ የሚታየው ፍሬው ግን አንድ መስመርና አንድ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነው።

ማስረጃዎቹ በእርግጥ የማይታረቁበት ጊዜም አለ። የእኛ አገር የትርጓሜ መጻሕፍት ሊቃውንት ልዩ ልዩ ትርጓሜ በደረሳቸው ጊዜ፣ አንዱን አንሥተው አንዱን ከመጣል ይልቅ፣ አንድም እያሉ ሁሉንም በተራ ያስቀምጡታል። በመዝገበ ዕውቀቱም ላይ ደንቡ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ ሁለት የታመኑ ጸሐፊዎች ሲለያዩ፣ እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሌ ግን እንዲህ ይላል ተብሎ ከነምንጩ ይጻፋል እንጂ፣ አራሚው ዳኛ ሆኖ በመካከላቸው አይፈርድም።

አሁን ደግሞ ከቍጥር የሚበልጠውን፣ የሰው መታሰቢያ የሚነካውን ነገር ላንሣ። በ1998 ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን የተባለው ፊልም በወጣ ጊዜ፣ ኦማሃ በተባለው የኖርማንዲ ዳርቻ የተደረገውን ዕልቂት በመጀመሪያው ክፍሉ አሳየ፤ ተመልካቹም ወታደሮቹ በአሜሪካ ጀልባ፣ በአሜሪካ ባሕረኞች ተመርተው ሲደርሱ አየ። ይሁን እንጂ ዶግ ግሪን በተባለው፣ ከሁሉ ብዙ ደም በፈሰሰበት በዚያ የዳርቻው ክፍል በመጀመሪያው ማዕበል የወረዱት የ116ኛው ሬጅመንት የ"ኤ" ሻምበል ወታደሮች የመጡት፣ ኤምፓየር ጃቨሊን ከተባለው መርከብ በተነሡ የእንግሊዝ ጀልባዎች ሲሆን፣ የነዷቸውም የእንግሊዝ ባሕረኞች ነበሩ። የእንግሊዟ አውራጅ ጀልባ ቶርኒክሮፍት የተባለው ኩባንያ የነደፋት፣ ከሂጊንስ ጀልባ ይልቅ ረዘም ብላ ወደ 12 ሜትር ተኩል የምትደርስ፣ ዝግተኛ፣ ጎኗ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ናት። በአሜሪካዪቱ ጀልባ ወታደሮቹ ተጨናንቀው ይቆማሉ፤ በእንግሊዟ ግን በሦስት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ጕልበት ለጕልበት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ሲወርዱም በጠባቡ በር በተራ ይወጣሉ።

ይህ ልዩነት ለማያውቀው ሰው ከንቱ ዝርዝር ይመስለዋል። ነገር ግን እነዚያን ጀልባዎች በማዕበል ውስጥ እየነዱ የአሜሪካን ልጆች ያደረሱት እንግሊዛውያን ባሕረኞች፣ ፊልሙን ብቻ ባየው ሰው ልብ ውስጥ በዚያ ስፍራ ጨርሶ እንዳልነበሩ ይቈጠራሉ። ስለዚህ ነው አንድ አራሚ የሚኖርበት አገር ከኖርማንዲ የቱን ያህል ቢርቅ፣ የጀልባዪቱን ዓይነት ለማቅናት ሌሊቱን የክፍለ ጦር ታሪኮችን ሲያገላብጥ የሚያነጋው። እኔ ይህን ሥራ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው ለማለት አልደፍርም። ለሙታን የሚገባቸውን መመለስ ነውና።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያሳዝን ደንብም አለ። መዝገበ ዕውቀቱ ቀድሞ ያልታተመ ምርምርን አይቀበልም። በዚያ ቀን መሪ ጨብጦ ጀልባዋን የነዳ አንድ አረጋዊ ገጹን ከፍቶ፣ ይህ እንዲህ አልነበረም፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ቢያርም፣ ቃሉ በመጽሐፍ ወይም በታመነ መዝገብ ታትሞ እስካልተገኘ ድረስ እርማቱ ይመለሳል። በልጅ ልጆቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ሽማግሌውን ማስረጃ አምጣ ሲለው ማየት ልብ ያማል። እኔም አስቀድሜ ደንቡን ጨካኝ ነው ስል ኖሬአለሁ፤ ኋላ ግን፣ ዓይነ ምስክር ነኝ የሚለው ሁሉ ያለ ማረጋገጫ ቢታመን፣ እውነተኛው ሽማግሌና በስሙ የሚነግደው ሐሰተኛ እኩል ቃል እንደሚኖራቸው ተረዳሁ። ደግ የሆነው አራሚ በዚህ ጊዜ ቃሉን መልሶ ዝም አይልም፤ ለአረጋዊው በውይይት ገጹ ላይ በአክብሮት ጽፎ፣ ትዝታውን የአንጋፋ ወታደሮችን ቃል ለሚሰበስብ ቤተ መዘክር እንዲሰጥ ይመክረዋል።

ከምንጮቹ ሁሉ ለጸሐፍቱ እንደ ስንቅ የሆነላቸው፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1959 እስከ 1981 በ8 ቅጽ ያሳተመው የጦር መርከቦች መዝገበ ቃላት ነው። የመንግሥት ሥራ ስለ ሆነ ማንም ሊገለብጠው ይችላል፤ ታንክና ከባድ መኪና ጭነው ውቅያኖስ የሚሻገሩት፣ በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ 1,051 የተሠሩት ታላላቅ አውራጅ መርከቦች ብዙዎቹ በዊኪፒዲያ ገጽ ያገኙት ከዚህ መጽሐፍ ነው። ደካማነቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ባሕር ኃይሉ ስለ ራሱ መርከቦች የጻፈው ነውና ምስጋናው ይበዛል፣ ከጦርነቱ በኋላ የሆነውንም አዘውትሮ በአጭሩ ያልፈዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን መከታተል ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በኖርማንዲ ዘመቻ ከ800 በላይ ታንክ አውራጅ ጀልባዎች ተሰልፈው ነበር። ከእነርሱ መካከል ቍጥር 7074 የተባለችው 10 ታንክ ጭና ጎልድ ወደተባለው ዳርቻ ከሄደች በኋላ፣ ለጥገና አገልግሎት ተለውጣ ሌላ ቍጥር ተሰጣት፤ ከዚያም በሊቨርፑል ለመርከብ አዛዦች ማኅበር ተሰጥታ ላንድፎል ተባለች፣ ቀጥሎም የምሽት ጭፈራ ቤት ሆነች፣ በመጨረሻም በበርከንሄድ የመርከብ መቆሚያ ውስጥ ሰጠመች። የጦር መዝገቡን ያነበበ ሰው ላንድፎልን አያውቃትም፤ በላንድፎል የጨፈረ ሰው 7074ን አያውቃትም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አኑሮ፣ ይህች ያቺ ናት ብሎ በማስረጃ ማገናኘት የታሪክ ጸሐፊው ሥራ ነው። በ2014 ጥቅምት ላይ ከውሃ ውስጥ አወጧት፤ ዝገቷ ተፍቆ፣ ብረቷ ተጠግኖ፣ በ2020 ወደ ፖርትስማውዝ ከተማ ተወስዳ በሳውዝሲ ዳርቻ ከሚገኘው ቤተ መዘክር ደጃፍ ተቀመጠች። አሁን ሁለት ታንኮች ከላይዋ ቆመዋል፤ በጎኗም ላይ ቍጥሯ ዳግመኛ ተጽፏል።