ለስላሳ ሲጋር፦ በጥላ ስለሚያድግ ቅጠልና ስለ አንድ ቃል

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ርእሱን ከማስታወቂያው ያነበቡ አንዳንድ ተማሪዎች «ቅምሻ ይኖራል ወይ?» ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። አይኖርም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል፤ ይህ አዳራሽም ከዚያ ውጭ አይደለም። የምንነጋገረው ስለ ቅምሻ ሲሆን የምንነጋገረው በቃላት ብቻ ነው። ይህም ለርእሳችን ጉዳት የለውም፤ ምክንያቱም የዛሬው ጉዳዬ በዋናነት ስለ አንድ ቃል ነው።

ቃሉ «ለስላሳ» ነው። በእኛ አገር ለስላሳ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበን በጠርሙስ የሚቀርበው ጋዝ ያለው መጠጥ ነው። ለስላሳ የተባለውም አልኮል ስለሌለበት ነው። እንግዲህ ቃሉ እዚህ ላይ የሚያመለክተው የአንድን ነገር አለመኖር ነው። ብዙ ሰው «ለስላሳ ሲጋር» ሲባልም ቃሉን በዚሁ መንገድ ይረዳዋል፤ አንድ ነገር የጎደለው፣ ደካማ፣ ለጀማሪ የሚሰጥ፣ ምናልባትም ጉዳቱ ያነሰ። የእኔ አቋም ከዚህ ይለያል። በጥሩ ሲጋር ላይ ለስላሳነት በጥላ፣ በጊዜና በብዙ ሰው እጅ የተሠራ ባሕርይ ነው። ይሁንና ስለ ምላስ የሚናገር ቃል እንጂ ስለ ሳንባ፣ ስለ ልብ ወይም ስለ ደም የሚናገር ቃል አይደለም።

በቅድሚያ ስያሜዎቹን እንለይ። ሲጋራ በወረቀት የተጠቀለለ የተከተፈ ትምባሆ ነው። ሲጋር ግን ቅጠል በቅጠል የተጠቀለለበት ነው፤ ወረቀት የለውም። ምርጥ የሚባለው ሲጋር በእጅ የሚሠራ፣ ውስጡም ከተከተፈ ትምባሆ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ከሚደርሱ ረጃጅም ቅጠሎች የተዘጋጀ፣ ሰው ሠራሽ ጣዕም ያልተጨመረበት ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት። መካከሉን የሚሞላው የውስጥ ቅጠል፣ እርሱን አጥብቆ የሚይዘው ማያዣ ቅጠል፣ በመጨረሻም ዓይናችን የሚያየው መጠቅለያ ቅጠል ናቸው።

ቀማሾች ስለ ሲጋር ሲናገሩ ሦስት ነገሮችን ይለያሉ፤ ገዢዎች ግን አዘውትረው ያምታቷቸዋል። አንደኛው ኃይል ነው፤ ይህም ኒኮቲን በአካል ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ፣ ማለትም ራስ ማዞር፣ ማላብ፣ የሆድ መረበሽ ነው። ሁለተኛው ግዝፈት ነው፤ ጭሱ በአፍ ውስጥ ምን ያህል ወፍራም ወይም ስስ ሆኖ ይሰማል የሚለው ነው። ሦስተኛው ጣዕም ነው። ሦስቱ ተያይዘው መሄድ ግዴታቸው አይደለም። ኃይሉ አነስተኛ ሆኖ ጣዕሙ የበለጸገ ሲጋር አለ፤ ኃይሉ ብርቱ ሆኖ ጣዕሙ ድሃ የሆነም አለ። ቡና ቀምሳችሁ የምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም። የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና በአፍ ውስጥ እንደ ሻይ የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ ጣዕም የለውም የሚል ቀማሽ ግን አላጋጠመኝም።

የሲጋሩ ኃይል በአመዛኙ የሚመጣው ከውስጥ ቅጠሎቹ ነው፤ እነርሱም ከተክሉ የትኛው ክፍል እንደ ተለቀሙ ወሳኝ ነው። ከታች ያሉት ቅጠሎች በስፓንኛ ቮላዶ ይባላሉ፤ ስስ ናቸው፣ በቀላሉ ይነድዳሉ፣ ጣዕማቸው ግን ጥቂት ነው። መካከለኞቹ ሴኮ ሲባሉ መዓዛው በብዛት ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው። ከጫፍ ያሉት ፀሐይን በቀጥታ ስለሚያገኙና በተክሉ ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ወፍራሞች፣ ዘይታማና ኒኮቲን የበዛባቸው ናቸው። የእነዚህ ስም ሊሄሮ ነው። ቋንቋ ወዳድ ተማሪዎችን አንድ ነገር ላስደንቅ፦ ሊሄሮ በስፓንኛ «ቀላል» ማለት ነው። ከሁሉ የከበደው ቅጠል ቀላል ተብሎ ይጠራል! ሙያው ራሱ ለቃላቱ እንዲህ ግድ የለሽ ከሆነ የእኛ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ለስላሳ ሲጋር የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሴኮና ቮላዶን ያበዛል፤ ሊሄሮን ያሳንሳል ወይም ጨርሶ ይተዋል።

አሁን ወደ መጠቅለያው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ከለስላሳ ሲጋር ጋር ስሙ ተጣብቆ የቀረው መጠቅለያ «ኮኔቲከት» የሚባለው ወርቃማ ቡኒ ቅጠል ነው። ስሙን ያገኘው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከሚገኘው የኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የሸለቆው ገበሬዎች አደጋ ገጥሟቸው ነበር። የሱማትራ ደሴት ትምባሆ፣ ስስና ልሙጥ ስለ ሆነ፣ የመጠቅለያውን ገበያ እየነጠቃቸው ነበር። ከሱማትራ ዘር ማምጣት ይቻላል፤ የሱማትራን ሰማይ ማምጣት ግን አይቻልም። መፍትሔው ሰማዩን መሥራት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1900 በዊንድዘር ከተማ ክልል በፖኮኖክ፣ በሱማትራ ዘር የተተከለ ማሳ በምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ስስ ጨርቅ ተሸፈነ። ጨርቁ ቀጥተኛውን ፀሐይ ይቀንሳል፣ ከሥሩ ያለውን አየር ይበልጥ ሞቃትና እርጥብ ያደርጋል፣ ነፋስንም ያበርዳል። ብርሃን ያነሰው ተክል ያለችውን ለመሰብሰብ ቅጠሉን ያሰፋዋል፣ ያሳሳዋልም፤ ሥሮቹም ይቀጥናሉ። ለስላሳነት የምንለው ነገር መነሻው እንግዲህ ተክሉ ለጥላ የሰጠው ምላሽ ነው።

ቅጠሉ ስስ በመሆኑ በማሽን አይለቀምም። በእጅ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በየተራው ይለቀማል፤ በክር ተሰክቶም በጎተራ ውስጥ ይሰቀላል። ይህን ሥራ የሠራው ማን ነው? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጉልበት እጥረት ሲያጋጥም ከጃማይካ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከአሜሪካ ደቡብ ሠራተኞች ይመጡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ክረምት፣ በ15 ዓመቱ፣ ወደ ሞርሃውስ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት፣ የትምህርት ክፍያ ለማግኘት ከመጡ ወጣቶች ጋር በሲምዝበሪ የትምባሆ እርሻ ሠርቷል። ጥቁርና ነጭ በአንድ ምግብ ቤት ሲመገቡ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ያየው በዚያ ነበር፤ ለወላጆቹም ይህንኑ ጽፏል። ወደ ደቡብ ሲመለስ በባቡሩ የመመገቢያ ክፍል ከመጋረጃ ጀርባ መቀመጥ ምን እንደ ተሰማው ከጊዜ በኋላ በምሬት አስታውሶታል። ስለ ሲጋር በሚጻፉ ያማሩ መጽሔቶች ቅጠሉ ሲወደስ የለቃሚው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኔ ግን ስለ ቅጠሉ እየተናገሩ ስለ እጁ ዝም ማለት የጎደለ ዕውቀት ይመስለኛል።

ዛሬ በሸለቆው የጥላ እርሻ ከቀድሞው ጥቂቱ ብቻ ቀርቷል። ከዚያው ዝርያ የተገኘ ቅጠል በብዛት የሚመረተው በኢኳዶር ነው፤ በዚያ ደመናው ራሱ ሰማዩን ስለሚሸፍን ጨርቅ መዘርጋት አያስፈልግም። አንድ የተለመደ ስሕተትም ላርም። የመጠቅለያው ቀለም የሲጋሩን ኃይል አይነግረንም። መጠቅለያው ከጠቅላላው ክብደት ትንሹ ክፍል ነው፤ ፈዛዛ መልክ ያለው መጠቅለያ በሊሄሮ የተሞላ ውስጥ ሊሸፍን ይችላል፤ ማዱሮ የሚባለው የጠቆረ መጠቅለያም ጣፈጥ ያለና የዋህ ሲጋር ሊያለብስ ይችላል።

ጎተራ የገባው ቅጠል ገና ሕያው ነው። ለሳምንታት በአየር ሲደርቅ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ቡኒ ይሆናል፤ ቅጠሉም በውስጡ ያለውን ስኳር ተንፍሶ ይጨርሰዋል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። ከዚያ ቅጠሎቹ ተከምረው እንዲብላሉ ይደረጋል። ክምሩ ከውስጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱ እየተለካ፣ ከመጠን ሊያልፍ ሲል ክምሩ እየፈረሰ፣ የውስጡ ወደ ውጭ፣ የውጩ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ እንደገና ይከመራል። በዚህ ሂደት አሞኒያ ይወጣል፣ ከኒኮቲኑም ከፊሉ ይቀንሳል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጠው ሻካራነት ይበርዳል። የብላላት ሥራው ተጣድፎ የተጠናቀቀ ቅጠል አሞኒያው አፍንጫን ይወጋል። በጠንካራ ሲጋር ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድለት በሌላ ብርቱ ጣዕም ሊሸፈን ይችል ይሆናል፤ በለስላሳው ግን መደበቂያ የለውም። ጥሩ ለስላሳ ሲጋር መሥራት ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በቅምሻው ላይም እንዲሁ ነው። ለስላሳ ሲጋር ጥድፊያን አይወድድም። ከ65 እስከ 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለው ሳጥን የተቀመጠ ሲጋር ጫፉ በስሱ ይቆረጣል፤ እግሩ ነበልባሉ ሳይነካው ዙሪያውን ይሞቃል፣ ከዚያ ይለኮሳል። በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል መሳብ በቂ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚስብ ሰው ፍሙን ከልክ በላይ ያግላል፣ ጣዕሙም ወደ ምሬት ይለወጣል፤ ጥፋቱ የሲጋሩ አይደለም። ጭሱ ወደ ሳንባ አይገባም፤ በአፍ ተይዞ ይለቀቃል፣ ልምድ ያለው ቀማሽ ጥቂቱን በአፍንጫው ያስወጣል። መዓዛን የምንለየው በአፍንጫ ስለ ሆነ ስስ የሆኑት ነገሮች የሚገለጡት በዚያ ነው። በኮኔቲከት መጠቅለያ በተሠራ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲጋር፣ ለምሳሌ በማካኑዶ፣ ቀማሾች አዘውትረው የሚመዘግቡት የወተት ቅባት፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ድርቆሽ፣ ለውዝና የእንጨት መዓዛ ነው፤ በአፍንጫ ሲወጣ ደግሞ ነጭ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ስስ መኮርኮር። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ሃያ ዓይነት ፍሬና ቅመም የሚዘረዝሩ ግምገማዎችን ስመለከት፣ ከሲጋሩ ይልቅ የጸሐፊውን መዝገበ ቃላት የቀመስኩ ይመስለኛል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳት ነጥብ ልመለስ። የሲጋራ ትምባሆ በብዛት በሙቀት ፈጥኖ የሚደርቅ ስለ ሆነ ስኳሩ ይቀርለታል፤ ጭሱም አሲዳማ ነው። የሲጋር ቅጠል ስኳሩን በጎተራ ስለ ጨረሰ ጭሱ ወደ አልካላይን ያዘነብላል። በአልካላይን ጭስ ውስጥ ያለ ኒኮቲን ደግሞ በአፍ ውስጠኛ ስስ ሽፋን በኩል በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ጭሱን ወደ ሳንባ አልሳብኩም የሚል አጫሽ ኒኮቲኑን ከአፉ አግኝቶታል ማለት ነው። የሲጋሩን ጠባይ ለሲጋር የሰጠው ያው አዝጋሚ አደራረቅ፣ ለኒኮቲኑም በአፍ በኩል በሩን ይከፍትለታል።

መጠኑንም አስቡት። አንድ ሲጋራ ከ1 ግራም ያነሰ ትምባሆ ሲኖረው፣ ትልልቅ ሲጋሮች ከ5 እስከ 20 ግራም ይይዛሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሰፊ ጥናት ሲጋር ማጨስ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧና የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል አረጋግጧል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ምርጥ ሲጋሮች ለብቻው ባወጡት ዘገባ፣ አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚያጨሱ፣ አደጋውም በድግግሞሹና ጭሱን ወደ ውስጥ በመሳብ ልክ እንደሚጨምር አስቀምጠዋል። በጥንቃቄ የተነገረ ነው፤ የጭሱ መርዛማነት ከሌሎቹ ሲጋሮች ይለያል ግን አላሉም። ለቃሚውም አልተረሳ፦ ጤዛ ያረጠበውን ቅጠል በባዶ እጁ የሚለቅም ሠራተኛ ኒኮቲኑ በቆዳው ገብቶ ሊያስመልሰውና ሊያዞረው ይችላል። ለገዢው የዋህ የተባለው ቅጠል ለለቃሚው የዋህ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህም ሕጉ ቃላችንን በስም ጠርቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት፣ በአንቀጽ 11፣ አንዱ የትምባሆ ምርት ከሌላው ያነሰ ጉዳት አለው የሚል የሐሰት ግንዛቤ ለሚፈጥሩ አገላለጾች ምሳሌ ሲሰጥ «ቀላል» እና «ለስላሳ» የሚሉትን ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቃለች። አንዳንድ የሲጋር ወዳጆች ይህን በጣዕም ቋንቋ ላይ የተቃጣ ድፍረት አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ቀማሽ በቅጹ ላይ «ለስላሳ» ብሎ ሲጽፍ የምላሱን ምስክርነት ይሰጣል፤ ነጋዴ በሳጥኑ ላይ ያንኑ ቃል ሲያትም ግን ገዢው የሚያነብበው ስለ ጤናው ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ምስክርነቱ ሁለት ነው። በመሆኑም በምዘና ቅጾቻችን ላይ ኃይል፣ ግዝፈትና ጣዕም ለየብቻቸው ዐምድ እንዲኖራቸው፣ «ለስላሳ» የሚለውም ብቻውን እንዳይጻፍ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህንኑ ልዩነት በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ሙከራ በቡና እንሞክረዋለን። አንዱ ቡና ቀለል ተደርጎ፣ ሌላው ጠቁሮ የተቆላ ይሆናል፤ ከመምጣታችሁ በፊት የትኛው ይበልጥ ካፌይን እንዳለው ግምታችሁን ጽፋችሁ አምጡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።