ከመፍረስ የተረፈው መጋዘን

በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ ዩታው በሚባለው ጎዳና ላይ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ቢያዩ አይገረሙ። የጠፋባቸው ነገር የለም። በመንገዱ ንጣፍ ላይ የተተከሉትን የነሐስ ኳሶች እየፈለጉ ነው። እያንዳንዱ ኳስ፣ በቤዝቦል ጨዋታ መሃል ከሜዳው ወጥቶ እዚያው ቦታ ላይ ያረፈ ምት መታሰቢያ ነው። የመቺው ስምና ቀኑም ተጽፎበታል።

ከመንገዱ በአንድ ወገን ካምደን ያርድስ የተባለው ስታዲየም አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ባለ ስምንት ፎቅ ቀይ የጡብ መጋዘን ተዘርግቷል። መጋዘኑን የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር ኩባንያ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1905 ባለው ጊዜ ነው። ርዝመቱ ከ300 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በ1984 መጋቢት ወር የከተማዋ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ኮልትስ ዕቃውን በሌሊት በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ። ሕዝቡ ሲነጋ ነው የሰማው። «የቤዝቦሉ ቡድን ኦሪዮልስም ይከተል ይሆን?» የሚል ስጋት ነገሠ። የሜሪላንድ ግዛት በሎተሪ ገቢ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት የወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ቦታውም ከመሃል ከተማው ወደብ አጠገብ ያለው አሮጌው የባቡር ግቢ ሆነ።

ታዲያ ያ መጋዘን ይፍረስ ወይስ ይቆይ? የዘመኑ ልማድ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ይሠሩ የነበሩት ብዙዎቹ ስታዲየሞች ክብ የኮንክሪት ግንቦች ሲሆኑ፣ ዙሪያቸውን የመኪና ማቆሚያ ይከባቸው ነበር። የኦሪዮልስ ኃላፊዎች ግን ይህን አልፈለጉም። ሥራውን በቡድኑ በኩል የመራችው አርክቴክት ጃኔት ማሪ ስሚዝ ናት። ከኤችኦኬ ስፖርት የዲዛይን ባለሙያዎች ጋር የተደረሰበት ውጤት፣ መጋዘኑን ጠብቆ ስታዲየሙን ከእሱ ጋር ማስማማት ሆነ።

ይህን ያመቻቸው የጨዋታው ጠባይ ነው። በቤዝቦል በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ርቀት 27.4 ሜትር ሆኖ የተወሰነ ነው፤ የውጪው አጥር ግን እንደየስታዲየሙ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የካምደን ያርድስ አጥር መጋዘኑንና መንገዱን ተከትሎ ተሰበረ፤ በቀኝ በኩል ከ7 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ሜዳው ከመንገዱ 5 ሜትር ያህል ዝቅ በማለቱ፣ ሕንጻው በሰፈሩ ላይ ጎልቶ አይታይም። ዩታው ጎዳናም በዚህ በኩል ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ ሆነ። በመጋዘኑ ውስጥ ቢሮዎችና ሱቆች ገቡ።

ስታዲየሙ በሚያዝያ 1992 ተከፈተ። ክሊቭላንድ በ1994፣ ዴንቨር በ1995፣ ሳን ፍራንሲስኮም በ2000 ከተማ መሃል የቤዝቦል ስታዲየም ከፈቱ።

ያም ሆኖ ሙግቱ አላበቃም። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን በሜዳው የሚያደርገው 81 ጨዋታ ነው። ብዙ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች «ለስታዲየም የሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ ወጪውን አይመልስም» ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ ትምህርት ቤትም መንገድም ሊሠራ ይችል ነበርና።

ባልቲሞር ከዋሽንግተን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ለሚኖሩት ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ቦታው ሩቅ አይደለም። ባቡሩም ስታዲየሙ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። የጨዋታው ሕግ ያልገባቸው አያት እንኳ ከልጅ ልጃቸው ጋር የነሐሱን ኳሶች መቁጠር ይችላሉ። ቀና ሲሉ ደግሞ ያ ረጅም ጡብ ግንብ ከፊታቸው ይቆማል፤ ዕቃ ማስቀመጡን ካቆመ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም፣ ዛሬ ስታዲየሙ የሚታወቀው በእሱ ነው።