ለወዳጅ መታሰቢያ፣ ለልጆቹ እንጀራ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1955 እኩለ ሌሊት ላይ በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ አንድ የጃዝ ኮንሰርት ተጀመረ። የተዘጋጀው ከሦስት ሳምንት በፊት ለሞተው ሳክስፎን ተጫዋች ለቻርሊ ፓርከር መታሰቢያ ነው። ገቢው ደግሞ አባታቸውን ላጡት ልጆቹ ታስቦ ነበር። ሌስተር ያንግ ሳክስፎኑን ይዞ መጣ፤ ቢሊ ሆሊዴይ ዘፈነች። አንዱ ከመድረክ ሲወርድ ሌላው እየተተካ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላም ጨዋታው አላበቃም።

ፓርከር ሲሞት ዕድሜው 34 ነበር። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ከ50 ዓመት በላይ ይሆነዋል ብሎ ገመተ። ሄሮይንና መጠጥ ሰውነቱን ያን ያህል ጨርሰውት ነበር። ይህ ሰው በ1940ዎቹ ከትራምፔት ተጫዋቹ ከዲዚ ጊሌስፒና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቢቦፕ የሚባለውን ፈጣንና ረቂቅ የአጨዋወት ስልት የፈጠረ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ሁሉ ከእሱ ያልተማረ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዝናው ግን ለቤተሰቡ የሚተርፍ ጥሪት አላፈራለትም። ሲያርፍ ሁለት ሴቶች፣ ዶሪስና ቻን፣ ሚስቱ እኔ ነኝ የሚል ክርክር ውስጥ ገቡ፤ ጉዳዩም ለዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖረ። ገንዘቡ የልጆቹ ነው ተብሎ አስቀድሞ መወሰኑ ምን ያህል ብልህነት እንደነበረ ከዚህ ይታያል።

የስንብት ጸሎቱ የተደረገው በሃርለም፣ አቢሲኒያን ባፕቲስት በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሟ የአጋጣሚ አይደለም። በ1808 የተመሠረተችው፣ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ የሚያስገድደውን ሥርዓት አንቀበልም ብለው ከነበሩበት ቤተ ክርስቲያን በወጡ ምእመናን ነው። ከእነዚህ መካከል የኢትዮጵያ ነጋዴዎች እንደነበሩ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ይናገራል። ፓርከር ከመሞቱ ዓመት በማይሞላ ጊዜ አስቀድሞ፣ በ1954 አሜሪካን የጎበኙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚህችው ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያ መስቀል አበርክተው ነበር። አስከሬኑ ከዚያ ተነሥቶ ባደገባት በካንሳስ ሲቲ አቅራቢያ ተቀበረ።

ያን ያህል ስም ያለው ሰው እንዴት ባዶ እጁን ይሞታል? ሱሱ አንድ ምክንያት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከ1940 እስከ 1967 በኒው ዮርክ መጠጥ በሚሸጥበት ክለብ የሚሠራ ሙዚቀኛ ሁሉ የፖሊስ ፈቃድ ካርድ መያዝ ግዴታው ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ የተያዘ ሰው ካርዱን ይነጠቃል። ካርዱን የተነጠቀ ሙዚቀኛ የሚሞትበትን ሱስ ሳይሆን የሚኖርበትን ሥራ ነው የሚያጣው። ፓርከር በ1951 ይኸው ደርሶበታል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎኒየስ መንክም እንዲሁ። ቢሊ ሆሊዴይ በ1947 ከታሰረች በኋላ በከተማዋ ክለቦች የመዝፈን ፈቃዷን መልሳ ሳታገኝ ሞተች። ካርኔጊ አዳራሽ ግን መጠጥ ቤት ስላልሆነ ሕጉ አይደርስበትም። ለፓርከር በተዘጋጀው ሌሊት መድረክ ላይ ልትቆም የቻለችው ለዚህ ነው። ለሟቹ ልጆች ከዘፈኑት መካከል ራሳቸውም የዕለት እንጀራቸው የተዘጋባቸው ነበሩ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ኮንሰርት በሦስት ሳምንት አሰናድቶ ማቅረብ ጃዝን ለማያውቅ ሰው ተአምር ሊመስል ይችላል። ለሙዚቀኞቹ ግን የዘወትር ሙያቸው ነው። ሁሉም በቃላቸው የሚያውቋቸው በመቶ የሚቆጠሩ ዜማዎች አሉ። ብሉዝ የተለመደ ቅርጽ አለው፤ ባር የሚባሉ 12 የምት ክፍሎችን ሄዶ ይመለሳል። ከዚህ ቀደም ተያይተው የማያውቁ አምስት ሰዎች መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ አንዱ የዜማውን ስምና የሚነሳበትን ድምፅ ይናገራል፤ በእግሩ ወይም በጣቱ ፍጥነቱን ይመታል፤ ይጀመራል። መጀመሪያ ዜማውን በጋራ ይጫወታሉ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ በተራው በዚያው ላይ የራሱን እየፈጠረ ሶሎ ይጫወታል፤ በመጨረሻ ወደ ዜማው ይመለሳሉ። ስለዚህ ወዳጃቸው ሲሞት የጃዝ ሰዎች ልምምድ ሳይጠብቁ መሰብሰብ ይችላሉ። ሶሎው ደግሞ ለሐዘን ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ ሟቹን በሚያውቀው መልክ፣ ማንም ሳይመራው፣ በራሱ ቋንቋ ሊያስታውሰው ይችላል።

ለሟች የመጫወት ልማዱ ከካርኔጊ አዳራሹ ኮንሰርት በጣም ይቀድማል። መነሻው ኒው ኦርሊንስ ነው፤ እዚያ የነበረውን ነገር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሲሰማ ወዲያው የሚያውቀው ይመስለኛል፤ እድር ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ፊት ሲነሷቸው የመረዳጃ ማኅበራት አቋቋሙ። አባሉ መዋጮውን ይከፍል ነበር፤ ሲታመም ማኅበሩ የሐኪሙንና የመድኃኒቱን ወጪ ይችል ነበር፤ ሲሞት የቀብሩን። ከቀብሩ ወጪ ውስጥ የማርሽ ባንድ ክፍያም ነበረበት። ያንግ ሜን ኦሊምፒያን የሚባለው ማኅበር በ1884 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ።

ባንዱ ወደ መቃብር ሲሄድ ቀስ ያለ መዝሙር ይጫወታል፤ የትንሿ ከበሮ ድምፅ እንዲታፈን ሽቦዋ ይላላል ወይም መሐረብ ይደረግባታል። አስከሬኑ ከተሸኘ በኋላ ከበሮዋ ትፈታለች፤ ሙዚቃው ይፈጥናል፤ ከኋላ የተከተለው ሕዝብ ጃንጥላና መሐረብ እያውለበለበ ይጨፍራል። ቱሪስት የሚያየው ይህን የኋለኛውን ነው። የዚያ ሁሉ ጭፈራ ሒሳብ አስቀድሞ፣ በዓመታት መዋጮ፣ ሟቹ ራሱ ከከፈለው ገንዘብ የተሸፈነ መሆኑን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

የመታሰቢያ ኮንሰርትና የመረዳጃ ማኅበር ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ኮንሰርቱ የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው። አዳራሹ በነጻ ካልተገኘ ኪራይ አለ፤ የድምፅ መሣሪያው፣ ፒያኖውን መቃኘቱ፣ ትኬት ማሳተሙ ሁሉ ወጪ ነው። ሙዚቀኞቹ ያለ ክፍያ ቢጫወቱ እንኳ ለቤተሰቡ የሚተርፈው ከጭብጨባው ጋር ላይመጣጠን ይችላል። ደግሞም አንድ ሌሊት ነው። ልጆች ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ይህን ከሁሉ ቀድማ የተረዳችው ከፓርከር ኮንሰርት አስተባባሪዎች አንዷ የነበረችው ፒያኖ ተጫዋቿና የሙዚቃ ደራሲዋ ሜሪ ሉ ዊሊያምስ ትመስላለች። በሃርለም ሃሚልተን ቴራስ በሚባለው ጎዳና የነበረው አፓርታማዋ በ1940ዎቹ የመንክ፣ የፒያኖ ተጫዋቹ የባድ ፓወልና የጊሌስፒ መሰባሰቢያ ነበር። በኋላ ሱስና ሕመም የጣላቸው ሙዚቀኞች የሚበሉበትና የሚያድሩበት ቤት ሆነ። በ1957 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለች፤ በዓመቱ ቤል ካንቶ የሚል የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁማ ለዚሁ ዓላማ በዚያው በካርኔጊ አዳራሽ ኮንሰርት አዘጋጀች። ያገለገሉ ልብሶችና ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅም ከፍታ ነበር። ከምታገኘው ላይ እየቀነሰች ትሰጥ ነበር። ድርጅቱ ብዙ አልዘለቀም። አንድ ሰው በደግነቱ ብቻ የሚሸከመው ሸክም አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ ጓደኛ በሕይወት ሳለ መድረስ።

ሙዚቀኛን የሚጥለው ግን ሱስና ሕመም ብቻ አይደለም። የጃዝ ሙዚቀኛ ሥራው መንገድ ላይ ነው፤ ለዚህም የሚከፍለው ዋጋ አለ። በጁን 1956 ትራምፔት ተጫዋቹ ክሊፎርድ ብራውን ከፊላደልፊያ ወደ ቺካጎ በሌሊት ሲጓዝ በፔንስልቬንያ በመኪና አደጋ ሞተ። ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ በሱስ የማይታማ፣ ጨዋ ሰው። ፒያኖ ተጫዋቹ ሪቺ ፓወልና ባለቤቱ ናንሲም አብረውት ሞቱ። ጓደኛው ቤኒ ጎልሰን ለመታሰቢያው የደረሰውን ዜማ ሙዚቀኞች ዛሬ በመላው ዓለም ይጫወቱታል፤ በትውልድ ከተማው በዊልሚንግተንም ከ1989 ጀምሮ በስሙ የጃዝ ፌስቲቫል ይዘጋጃል።

የሜሪ ሉ ሐሳብ ሥር የያዘው የፓርከር የቅርብ ጓደኛ የነበረው ዲዚ ጊሌስፒ በሞተበት አልጋ ላይ ነው። ጊሌስፒ በጃንዋሪ 6 ቀን 1993፣ በ75 ዓመቱ፣ በቆሽት ካንሰር ያረፈው በሚኖርባት በኒው ጀርሲዋ ኢንግልውድ ሆስፒታል ነው። ከመሞቱ በፊት ሐኪሙን ፍራንክ ፎርቴን አንድ ነገር ለመነው። እሱ ያገኘውን ሕክምና መክፈል የማይችሉት የሙያ ጓዶቹም እንዲያገኙ ነበር ልመናው። ሆስፒታሉ ልመናውን ፈጸመ። የጤና ኢንሹራንስ የሌላቸው የጃዝና የብሉዝ ሙዚቀኞች በ1989 በኒው ዮርክ በተቋቋመው ጃዝ ፋውንዴሽን ኦፍ አሜሪካ በኩል እየተላኩ በዚያ ያለ ክፍያ መታከም ጀመሩ። በኒው ኦርሊንስም ከ1998 ጀምሮ ለሙዚቀኞች የተቋቋመ ክሊኒክ አለ።

ከአንድ ሌሊት ኮንሰርት ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ የላቀ መታሰቢያ ነው፤ በየዕለቱ የታመመ ሰው ይታከምበታል። እንዲህም ሆኖ ኮንሰርቱ አልቀረም። ፋውንዴሽኑ ገንዘብ ከሚያሰባስብባቸው መንገዶች አንዱ በ2001 በሃርለሙ አፖሎ ቲያትር የጀመረው ትልቅ ኮንሰርት ነው። ከዚያ የሚገኘው ለቤት ኪራይ፣ ለተቆረጠ መብራት፣ ለሐኪም ይውላል።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ፋውንዴሽኑ የሚረዳበት መንገድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሙያው የኖረ አንጋፋ ሙዚቀኛ የምጽዋት ገንዘብ ለመቀበል ያፍራል፤ ቢራብም ችግሩን አይናገርም። ስለዚህ ሥራ ይሰጠዋል። በትምህርት ቤቶችና በአረጋውያን መጦሪያዎች እንዲጫወት ይደረግና ይከፈለዋል። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ ሙዚቀኞች ቤታቸውን፣ መሣሪያቸውንና የሚጫወቱባቸውን ክለቦች በአንድ ጊዜ አጡ። ያን ጊዜም ፋውንዴሽኑ መሣሪያ ተክቶ ሰጣቸው፤ በተበተኑባቸው ከተሞች ሁሉ የሚጫወቱበት ቦታ እየፈለገ፣ እንደማንኛውም ባለሙያ ለእያንዳንዱ ጨዋታ የድካማቸውን ከፈላቸው።