ያኔ ሁሉም ርካሽ ከነበረ፣ ብሩ የት ነበር?

ሰሞኑን እየዞረ ያለውን ፖስት ሳታዩት አትቀሩም። ከላይ የጃንሆይ ምስል ያለበት አሮጌ ብር፣ ከስሩ የዋጋ ዝርዝር። በጉ በጥቂት ብር፣ ጤፉ በጥቂት ብር፣ ሥጋው በሳንቲም። "ምነው ያኔ በተወለድኩ" እያለ የማይቀባበለው የለም። እኔም ሼር አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም።

በኋላ ሰፈራችን ቡና ላይ ለአንድ አዛውንት ጎረቤታችን ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ዋጋውን አልካዱም። ግን በሳቅ ሞቱብኝ። በጉን በአምስት ብር እገዛለሁ ብለሃል፣ አምስቷን ብር ከየት ልታመጣት ነው አሉኝ። ያቺ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች ነው ይህን የጻፍኩት። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።)

መጀመሪያ ብሩን ራሱን እንየው። "ብር" ማለት ማዕድኑ ነው። ለአያቶቻችን ገንዘብ ማለት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ነበረች። 28 ግራም ትመዝናለች፣ ከዚያ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ በፈረንጅ 1780 ብትሞትም ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ "1780" የሚል ጽሑፍ አለበት። አሁን አስቡት፦ አንድ ነጋዴ 500 ብር ይዞ ከወልድያ ደሴ ልውረድ ካለ 14 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። እኛ በቴሌብር በሁለት ሰከንድ የምንልከውን እሱ በበቅሎ ይጭናል፣ ሽፍታም ይፈራል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የእንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም ይሠራበት ነበር። የወረቀቱ ብር ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937፣ በጃንሆይ የልደት ቀን ነው። አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ሽማግሌዎች እስከዛሬ ሃምሳ ሳንቲምን "ሽልንግ" የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። በብሮቹ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው "የኢትዮጵያ ዶላር" የሚል ነበር፤ ከፈረሙት የባንክ ገዢዎች አንዱም ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነው።

ስለ ስሙኒ ደግሞ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። በ1936 ዓ.ም የወጣችው ሃያ አምስት ሳንቲም ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበረች። መጠኗ ከሃምሳ ሳንቲሟ ጋር ይቀራረባል፤ ሃምሳዋ ግን ከብር ማዕድን የተሠራች ነጭ ናት። ታዲያ የሰፈር ጮሌ ምን አደረገ? መዳቧን ብር እየቀባ በሽልንግ ሂሳብ ያሳልፋት ጀመር። መንግሥት ሲነቃ ክቧን ሰብስቦ ጠርዟ እንደ አበባ የተከረከመችውን ስሙኒ አወጣ። ማጭበርበር በቴሌግራም አልተጀመረም፣ ለማለት ነው።

ያ ብር ጠንካራ ነበር ሲባል ውሸት አይደለም። አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር። በ1965 ጭራሽ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ደረሰ፣ እስከ 1985 ዓ.ም እዚያው ቆየ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ በላይ ሲዘል ሁላችንም አይተናል። እና ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የአያቴ ብርና የእኔ ብር አንድ ዕቃ አይደሉም። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ አንዷ የኢትዮጵያ ብር እዚያ ስምንት ኮካ ትገዛለች። ዛሬ በአንድ ብር ምን እንደሚገዛ እናንተው ንገሩኝ።

እዚህ ላይ ነው የጎረቤቴ ጥያቄ የሚመጣው። በ1942 ዓ.ም (በፈረንጅ 1950) የአሜሪካ ሕግ ዝቅተኛውን ደመወዝ በሰዓት 75 የአሜሪካ ሳንቲም አድርጎት ነበር። በእኛ ሲመነዘር በሰዓት 1 ብር ከ86 ሳንቲም፣ ስምንት ሰዓት ከሠራ ወደ 15 ብር። ሕጉ የሚመለከተው ያ ሰው ከሁሉም ያነሰ ተከፋይ ነው፣ ልብ በሉ።

ሐብሩ ላይ ያለ ገበሬስ? ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም። ያለው እህል ነው። ከእህሉ አስራት ይወጣል፣ መሬቱ የራሱ ካልሆነ እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ ሆኖ የባለመሬቱን ድርሻ ይሰፍራል። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ ተመድቦ ግብሩ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። ብር ደግሞ ማሳ ላይ አይበቅልም። ስለዚህ አዝመራው እንደገባ፣ ሁሉም ሰው በሚሸጥበትና ዋጋው በወደቀበት ሰዓት ይሸጣል፤ ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። "ያኔ ጤፍ ርካሽ ነበር" የምንለው ለሚገዛው ነው። ሻጩስ አባትህ ከሆነ? ርካሽ ጤፍ ለእሱ ትንሽ ገቢ ማለት ነው።

ሌላዋ የብር መንገድ የሴቶቹ ናት። እንቁላሏ፣ ዶሮዋ፣ ቅቤዋ፣ ለሸማኔ የሚሸጠው ፈትል። ከአፋር በኩል በግመል የሚመጣ ጨው ነበር፣ ጨው ራሱ በአሞሌ ሂሳብ ለረጅም ዘመን ገንዘብ ሆኖ የኖረ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ ተከፈተና ከደጋው የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ መውረድ ተለመደ። ያ እርሻ የተዘረጋበት መሬት ግን የአፋር ከብት በበጋ የሚሰማራበት ነበር። ይህችን ያዟት፣ ወደኋላ እንመለስባታለን።

እሺ፣ መዝናኛውስ? ፖስቶቹ ላይ የምናየው ሱፍ ለብሶ ሲኒማ በር ላይ የቆመ ወጣት አዲስ አበባ ነው። አገር ፍቅር ከጣሊያን በፊት በ1927 ተቋቁሟል፤ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቲያትር በ1948 ተከፍቷል፤ ቴሌቪዥን በጥቅምት 23 ቀን 1957፣ በዘውድ በዓል ዕለት ጀመረ። እኛ ዘንድ ሠርግ ነበር፣ ገና ጨዋታ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ሶለልና አሸንድዬ፣ በሌሊት መንዙማ፣ ማሲንቆውን አንግቶ ከገበያ ገበያ የሚዞር አዝማሪ። ድሃ መዝናኛ ነበር ብዬ አላምንም። አራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሲቆጠሩ አንዱ አምባሰል ነው፤ ከመርሳ ወደ ደቡብ በውርጌሳ በኩል ስትሄዱ የምታዩት ተራራ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ባንዱ በሳክስፎን የሚጫወተው ቅኝት ስሙን የወሰደው ከእኛ ጎረቤት ነው።

ሙዚቃውን በሸክላ ማግኘት ግን ለብዙ ዓመታት አስቸጋሪ ነበር፤ በሕጉ ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ብቻ ነበር። በ1961 አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ሕጉን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመና ነገሩ ተከፈተ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ "የድሮ ሙዚቃ" ብላችሁ የምትሰሙት ብዙው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

ወሬ እንዴት ይደርስ ነበር? ጣሊያን የሠራው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ፣ በወልድያ አድርጎ አስመራ ይዘልቃል። ከአዲስ አበባ ወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ መንገድ ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላ ደግሞ ኤንትሬ የሚነዳው ሹፌር የዚያ ዘመን ቴሌግራም ቻናል ነበር፤ ሻይ ቤት ቁጭ ካለ ከአስመራም ከሸዋም ወሬ አለው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ ነበር፣ ግን ማንበብ የሚችለው ስንት ሰው ነው? ማንበብ የሚችለው ያነባል፣ ሌላው ከብቦ ይሰማል። የመንግሥት ነገር በአዋጅ ነው፤ የሕጉ ጋዜጣ ራሱ "ነጋሪት" ተብሎ በከበሮው ስም የተጠራው አለነገር አይደለም።

ከዚያ ትራንዚስተር ራዲዮ መጣ። ባትሪ ድንጋይ ካለ ማታ ማታ አንዱ ቤት ይሰበሰባል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማራቶን አሸነፈ። ከአዲስ ዓመት ጋር እኩል የገባ ወሬ ማለት ነው። ሦስት ወር እንዳለፈ፣ ታኅሣሥ 1953፣ ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር በራዲዮ መግለጫውን ያነበቡት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው። የወሎ ገዢ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ገዢህን ደሴ ሄደህ ደጅ ስትጠና የማታገኘው፣ ድምፁን ግን ከራዲዮ ውስጥ ትሰማዋለህ።

ራዲዮው ሁሉንም አይናገርም ግን። ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የ1964 ክረምት ዝናብ አነሰ። የ1965 በልግ ደግሞ ጭራሽ ቀረ። ወሎ ተራበ። ሰው ልጁን አዝሎ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ በዚያው በእኛ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ያስቆም ነበር። በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የተጓዙ ገበሬዎች በፖሊስ ተመልሰዋል። በሚያዝያ ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ያዩ መምህራን ያነሱትን ፎቶ ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። በመንግሥት ራዲዮና ጋዜጣ ግን ጸጥታ ነበር። የሞተው ሰው ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል።

አሁን ዋጋውን ጠይቁ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን በ1981 (በፈረንጅ) ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሯል። ያገኘው ነገር መጀመሪያ ሳነበው ስህተት መስሎኝ ነበር። ረሃቡ በከፋበት ዓመት ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልናረም! የአገሪቱ ጠቅላላ ምርትም የቀነሰው በጥቂቱ ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር።

እንዴት? ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። ብር የሌለው ሰው ገበያ ቢሄድም ዋጋ አያስወድድም፣ ምክንያቱም አይገዛም። ነጋዴውም እህሉን ገዢ ወዳለበት ይጭናል። ገበሬው ሲራቆት ሸማኔው ደንበኛ አጣ፣ ቤት አገልጋዩ ተባረረ፣ የቀን ሠራተኛው ቀጣሪ አጣ። አፋሩ ደግሞ ያቺ የበጋ ግጦሹ ጥጥ ሆናለች፤ ከብቱ ከሳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ። ፖስቱ ላይ "በሬ በርካሽ" ብለን የምንቀናበት ዋጋ አንዳንዱ ይኼ ሊሆን ይችላል። በሬውን በርካሽ የሸጠው ሰው ከዚያ በኋላ በምን እንዳረሰ ፖስቱ አይነግራችሁም።

ከአዲስ አበባ ጋር አስተያዩት። የካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨመር የታክሲ ሹፌሮች ሥራ አቆሙ፣ ከተማው ተናጠ፣ መንግሥትም በቀናት ውስጥ ወደኋላ አለ። የከተማ ዋጋ ወዲያው ይሰማል። ወሎ ላይ የጨመረ ዋጋ እንኳ ስላልነበር የሚጮህ ቁጥር አልተገኘም።

ዝምታውን የሰበረው ከውጭ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ጥቅምት 8 ቀን 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ሁሉ ሲያወራ እዚህ ፊልሙ አልታየም። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ደርግ አወጣው፤ መስከረም 1 ቀን 1967፣ የአዲስ ዓመት ዕለት ማታ፣ የተራበው ሰው ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ወልድያና መርሳ ያኔ ቴሌቪዥን አይዝም ነበር። ስለ እኛ የተሠራውን ፊልም ያየው አዲስ አበባ ነው፤ የተቀረጸው ሰው የንጉሡን መውረድ በራዲዮ ሰማ፣ ራዲዮ ያለው ጎረቤት ከነበረው።