አንዲት ሴንሰርና የአዲስ አበባ የፈላ ውሃ

የምንነዳት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ በአንድ ወቅት እንግዳ ጠባይ አመጣች። ጠዋት ያለ አንዳች ችግር ትነሣለች፤ ሞተሯ ከሞቀ በኋላ ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚንም ከወትሮው ይልቅ ፈጥና ትጨርሳለች። ያማከርነው ጋራዥ «ሞተሩ መውረድ አለበት» የሚል ፍርድ ሰጠ። የተጠየቀው ዋጋ ከወር ደመወዛችን በላይ ስለነበረ፣ ከፍርዱ በፊት ጉዳዩን በፊዚክስ መርምረን ለማየት ወሰንን።

እንደሚታወቀው ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በሚገባ አይተንም። ስለዚህ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተር ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ተጨማሪ ቤንዚን እንዲረጭ ያዛል። ሞተሩ መሞቁን የሚነግረው ደግሞ በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ የተነከረች፣ ጣት የምታህል ሴንሰር ናት። በውስጧ ያለው ቁስ ቴርሚስተር ይባላል። የብረታ ብረት ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር ሲጨምር፣ የቴርሚስተሩ ግን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በቁሱ ውስጥ ታስረው የነበሩ ኤሌክትሮኖችን ነጻ እያወጣ ለኮረንቲው ተሸካሚ ያበዛለታልና። ማይክል ፋራዴይ ይህን ጠባይ በ1833 እ.ኤ.አ. በብር ሰልፋይድ ላይ አስተውሎት ነበር።

ለውጡ ቀላል አይደለም። በእኛ መኪና ዓይነት ላይ ጤነኛ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 2,450 ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 320 ኦም ገደማ ታሳያለች። ሽቦዋ ፈጽሞ ቢበጠስ ኮምፒውተሩ ወዲያው ያውቃል፤ በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ያበራል። የእኛ መብራት ግን አልበራም። ይህ ማለት ሴንሰሯ ጤነኛ ናት፣ ወይም ሊታመን የሚችል ውሸት ትናገራለች ማለት ነው።

ሴንሰሯን ለማግኘት ኮፈኑን ከፍተን የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ሞተሩ ድረስ ተከተልነው። ቱቦው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ሁለት ተመሳሳይ ነገሮች ተሰክተዋል። ባለ አንድ ሽቦዋ ለሾፌሩ የሙቀት ጌጅ የምታገለግል ናት፤ ባለ ሁለት ሽቦዋ የኮምፒውተሩ ናት። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ቀይሮ «ምንም ለውጥ የለም» ይላል።

ሞተሩ በርዶ ካደረ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታን፤ ከራዲያተሩ ሥር ውሃውን ከሴንሰሯ ከፍታ በታች እስኪወርድ ቀዳን። (ቀለም ያለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚጣፍጥ መርዝ ነው፤ ልጆችና ውሾች ከሚደርሱበት ይራቅ።) ሶኬቱን ነቅለን ሴንሰሯን በ19 ቁልፍ ፈታናት። ጫፏን ብቻ ውሃ ውስጥ ነክረን በመልቲሜትር ስንለካ በ20 ዲግሪ 3,100 ኦም፣ በፈላ ውሃ ውስጥ 900 ኦም ገደማ አሳየች። ከጤነኛዋ ጋር ሲነጻጸር በሁለቱም ጊዜ ወደ 650 ኦም የሚጠጋ ትርፍ አለ። ከቴርሚስተሩ ጋር በተከታታይ የቆመ፣ ሙቀት የማይለውጠው ሬዚስታንስ፣ ምናልባትም በውስጧ የዛገ መገጣጠሚያ መሆኑ ነው።

የጠዋቱና የቀኑ ልዩነት ምስጢር እዚህ ላይ ተፈታ። ሲቀዘቅዝ 650 ኦም በሺዎች ላይ ሲጨመር ኮምፒውተሩን በስድስት ዲግሪ ያህል ብቻ ያሳስተዋል። ሲሞቅ ግን ያው 650 ኦም ከዋናው ልኬት ይበልጣል፤ 900 ኦም ለኮምፒውተሩ 47 ዲግሪ ማለት ነውና፣ የጋለውን ሞተር ገና ለብ ያለ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምርለታል።

ምትክ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገለች ሴንሰር ገዛን። በፈላ ውሃ ስንፈትናት 230 ኦም አሳየች። ለ100 ዲግሪ ያሰላነው ግን 186 ኦም ነበር። ልንመልሳት ስንነሣ ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ የምንነግረው ነገር ትዝ አለን፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላትና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ92 ዲግሪ የሚሰላው ደግሞ 229 ኦም ነው! ጤነኛዋን ሴንሰር ጥፋተኛ ልናደርጋት ምንም አልቀረንም ነበር።

ይኸው የግፊት ሕግ በራዲያተሩ ውስጥ ሌላ መልክ አለው። ክዳኑ በ0.9 ከባቢ አየር ገደማ ተጨማሪ ግፊት ስለሚያፍን፣ በውስጡ ያለው ውሃ በአዲስ አበባም ቢሆን እስከ 114 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። የጋለ ክዳን ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ወርዶ ውሃው በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይፈነዳል። ሞተሩ በእጅ እስኪዳሰስ ሳይበርድ ክዳኑን የሚነካ ሰው ከባድ ቃጠሎ ይጠብቀዋል።

መግጠሙ ብዙ አያስቸግርም። የመዳብ ሮንዴላዋን በአዲስ ቀይረን፣ የአሉሚኒየሙ ጥርስ እንዳይበላ መጀመሪያ በጣት አዙረን፣ በመጨረሻ በቁልፍ በልኩ አጠበቅናት፤ የሚበቃው 20 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። አየር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የአየር አረፋ ሴንሰሯ ጫፍ ላይ ከቀረ፣ አየርና እንፋሎት ሙቀትን ከውሃ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ስለሚያስተላልፉ፣ አዲሲቱም ትዋሻለች። ስለዚህ ገና በበረደው ሞተር ክዳኑን ከፍተን፣ የመኪናውን ማሞቂያ ሙሉ ለሙሉ አብርተን፣ በሚኒሞ እያሠራን ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር እየሞላን አረፋው እስኪቆም ጠበቅን፤ ከዚያም ውሃው ሳይግል ክዳኑን ዘጋን።

ጭሱ በዚያው ዕለት ጠፋ። አሮጌዋ ሴንሰር አሁን በቤተ ሙከራችን መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ተማሪዎች ይለኳታል፣ ትርፉ 650 ኦም ከየት እንደመጣም ይከራከሩባታል።